ውጤቱ ገና አልወጣም

እናትየው የማሰልጠኛውን በር አልፋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የሰው እግር ነው። ከደረጃው ስር ካለችው ጠባብ ክፍል ሁለት ጫማዎች ወደ ውጭ ተዘርግተዋል፤ የአንደኛው ክር ተፈቷል። ከጫማዎቹ ወዲያ ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። የእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር እዚያው ተጋድሟል። ራሱም ቀይ ስለሆነ ደሙ አይለይም፤ ጠርዙ ላይ የተጣበቀው ፀጉር ግን ይታያል።

«እማማ፣ ወደዚያ አይዩ» አላት ዘበኛው ክንዷን ይዞ።

«ልጄስ? ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

ልጇ ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ በካቴና ታስራ ተቀምጣለች። ደረቷ ደም በደም ሆኗል። እናትየው ወደ እሷ ሮጠች።

«የእኔ ደም አይደለም እማዬ። ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይተነፍስ እንደሆነ ብዬ ታቀፍኩት።»

የሞተው፣ ሁሉም «ሽቦ» እያሉ የሚጠሩት የኔትወርክ ቴክኒሻን ነው። ሠልጣኞቹ እረፍት ላይ ስለሆኑ ግቢው ውስጥ የነበሩት እሱ፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ልጇ፣ ሥራ አስኪያጁና ዘበኛው ብቻ ነበሩ። ዘበኛው ደግሞ ከምሳ ጀምሮ በሩ ላይ ከጎረቤት ባለሱቅ ጋር ሲሟገት እንደቆየ ባለሱቋ ራሷ መስክራለታለች።

መርማሪዋ አጭርና ቀጭን ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል።

«ጠዋት የሰሙትን ይድገሙልኝ» አለችው ዘበኛውን።

ዘበኛው እናትየውን እያየ አመነታ። «ሽቦ ደረጃው ስር አዲስ የኔትወርክ ማሽን ሲተክል ኮምፒዩተሮቿን ሁሉ አጠፋባት። ‹ሥራ አስፈታኸኝ፤ ቆይ ይሄን ጭንቅላትህን ባልፈነክተው!› አለችው። እሱም ‹አናቴ ድንጋይ ነው፣ የሚሰበረው እጅሽ ነው› ብሎ ሳቀ። ጨዋታ ነበር እኮ!»

«የጨዋታውን መጨረሻ አየነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ ላቡን ይጠርጋል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን አንቆታል። «ደግሞም ዋሽታለች። ‹ከምሳ በኋላ እዚህ ተቀምጬ የወንድሜን የፈተና ውጤት ስጠብቅ ነበር፣ ገና አልወጣም ይላል› አለች። ውጤቱ እኮ ቀትር ላይ ወጥቷል! አገር ያየውን እሷ ብቻ ሳታየው ቀረች?»

እናትየው ልጇ ፊት ተንበረከከች። «በሞቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልወጣም ነው የሚለው እማዬ። ደጋግሜ ከፈትኩት።»

ጎረቤቶች የልጆቻቸውን ውጤት አይተው ቀትር ላይ እልል ሲሉ እናትየው በጆሮዋ ሰምታለች። ይህችን ልጅ ከወለደቻት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረቻት።

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለች መርፌ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ።

«ቢሮዬ ነበርኩ። የልጄን ውጤት ኮምፒዩተሬ ላይ አየሁና ደውዬ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። እሱኑ ይጠይቁት።»

«ምናልባት በሞባይልዎ አይተውት ይሆን?»

«ሞባይሌን ቤት ረስቼዋለሁ። የደወልኩትም በቢሮው ስልክ ነው። ከወንበሬ አልተነሳሁም አልኩ እኮ!»

«የእርስዎ ኮምፒዩተርም ከአዲሱ ማሽን ጋር ተገናኝቷል?»

«ጠዋት መጀመሪያ ያገናኘው የእኔን ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

መርፌ ሌላ አልጠየቀችውም። ወደ ደረጃው ስር ሄዳ አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሽቦ ቀኝ እጅ ፒንሳ ጨብጦ ደርቋል። ከጣቶቹ በላይ አንድ ቢጫ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ልባሱን የፒንሳው ጥርስ ነክሶታል እንጂ አልተቆረጠም። ገመዱ አዲሱ ማሽን ውስጥ አይገባም። ከዋናው መስመር ተጠልፎ፣ ማሽኑን በላዩ አልፎ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል።

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን አለ?»

«ኢንተርኔት ቤት» አለ ዘበኛው። «ባለቤቱ የአለቃችን የሚስታቸው ወንድም ነው። በጓሮ በኩል መተላለፊያ በር አለ፤ ቁልፉ ግን እሳቸው ዘንድ ነው።»

መርፌ ለአንድ ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው፤ ሰውየው እየሮጠ ወጣ። ከዚያ ሁሉንም ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ ማሽን ምን ይሠራል?» አለቻት ልጅቷን። «እናትሽ በሚገባቸው መንገድ ንገሪኝ።»

«ፕሮክሲ ሰርቨር ይባላል። ሁላችንም ወደ ኢንተርኔት የምንወጣው በእሱ በኩል ነው። አንዱ የከፈተውን ገጽ ቅጂውን ያስቀራል። ሌላው ያንኑ ሲጠይቅ ውጭ ድረስ ሳይሄድ ከራሱ ያወጣና ይሰጠዋል። መስመራችን ሲንቀራፈፍ መከራችንን ስላየን ነው ሽቦ ያመጣው። ‹አንድ ሰው መስመራችሁን እየጠጣው ነው፣ ዛሬ አገኘዋለሁ› ይል ነበር።»

«የውጤቱን ገጽ መጀመሪያ የከፈተው ማን ነው?»

«እኔ፣ ጠዋት። ሽቦ ‹እስኪ ሞክሪው› ሲለኝ።» ልጅቷ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች።

መርፌ ገጹን ራሷ አልነካችውም። «እናቴ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«እየተማርኩ ነው፤ ገና ነኝ።»

«ይበቃል። ይሄን ይጫኑና የሚመጣውን ያንብቡልን። እኔ ካነበብኩት ለልጅዎ አዳላሁ ይባላል።»

እናትየው ተጫነች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። «ው...ጤ...ቱ። ውጤቱ። ገ...ና...» ጣቷን ቃሉ ስር አስኬደች። «አልወጣም ነው የሚለው! ገና አልወጣም ይላል!»

«ቀትር ካለፈ ስንት ሰዓቱ፣ ማሽኑ አሁንም የጠዋቱን ቅጂ ነው የሚሰጠው» አለች መርፌ ሥራ አስኪያጁን እያየች። «ሽቦ መስመሩን ለማዳን ብሎ ቅጂውን ቶሎ እንዳያድስ አድርጎታል። ስለዚህ ልጅቷ እዚህ ስለነበረች የተሳሳተ ነገር አየች። እርስዎ ግን ትክክለኛውን አይተዋል። ኮምፒዩተርዎ በዚሁ ማሽን በኩል ስለሚወጣ ቢሮዎ ውስጥ ማየት አይችሉም፤ ሞባይል አልያዙም። ከዚህ መስመር ውስጥ ማሽኑን ሳይነካ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ የሚያልፈው ያ ቢጫ ገመድ ብቻ ነው።»

«ሰው ነገረኝ...»

«በዓይኔ አየሁ ብለዋል። ሽቦ መስመሩን ለሚስትዎ ወንድም የሚሰርቁበትን ገመድ ሊቆርጥ ሲል ከኋላው መቱት። በጓሮ ወጥተው ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ታጠቡ፤ የልጅዎን ውጤት እዚያ ስክሪን ላይ አዩ። ምስክር እንዲሆንዎት ቢሮ ተመልሰው ደወሉለት። የለበሱት ሸሚዝ የማን ነው? አንገትዎን ሊያንቀው ነው።»

ፖሊሱ ከኢንተርኔት ቤቱ ተመልሶ ገባ። በእጁ የያዘው ላስቲክ ውስጥ የራሰ ነጭ ሸሚዝ አለ፤ እጅጌው ላይ ያለው ደም ለቀቅ ብሎ ሮዝ ሆኗል።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን አንስቶ ዘበኛውን ፊቱ ላይ መታው። ዘልሎም ልጅቷን አንገቷን አነቃት። እጆቿ ታስረዋል። እናትየው እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ ጥርሶቿን የእጁ አንጓ ላይ ተክላ፣ አጥንት እስኪሰማት ነከሰች። ሰውየው ጮኾ ለቀቀ። ሁለት ፖሊሶች መሬት ላይ ደፍተው ጀርባው ላይ ተቀመጡበት።

«ተው አልኩት!» ይላል ፊቱ ወለሉ ላይ ተጣብቆ። «አትቁረጠው አልኩት፤ ሳቀብኝ! ወድቆም የሚስቅ መሰለኝ፤ ደገምኩት፤ ሠለስኩት!»

ካቴናው ሲፈታላት ልጅቷ እናቷ ላይ ወደቀች። እናትየው አቅፋት ቆየች። ጆሮዋ ስር «ተጠራጥሬሽ ነበር» ልትላት አሰበች፤ አልወጣላትም።

ውጭ አስከሬኑን ጠቅልለው ሲያነሱ አንዱ ጫማ ወለቀና ወደቀ። ዘበኛው አፍንጫውን በጨርቅ ይዞ ጎንበስ አለና አነሳው። ክሩን በጥንቃቄ አሰረው።

«እናት አለው?» አለች እናትየው።

«አለችው። ሌላ ልጅ የላትም» አለች መርፌ። «እስካሁን ማንም አልነገራትም።»

እናትየው በአፏ ዙሪያ የቀረውን ደም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ልጇን እጇን ያዘች።

«ቤቷን አሳዩን» አለች። «ከፖሊስ አፍ አትስማው።»