ትርፍ አንጀት አይደለም

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

የጓደኛዋ የፈትያ መልእክት ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ላይ አለ። ሰሀር ደጋግማ ከፍታ አይታዋለች፤ መልስ ግን አልጻፈችም። «ሰኞ» ብትል ውሸት ነው። «አላውቅም» ብትል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ያደረገ ሰው መቼ እንደሚመለስ እንዴት አያውቅም?

ሰሀር ግን ትርፍ አንጀት አልነበረባትም። ኦፕሬሽን የተደረገችው ጀርባዋን ነው። አከርካሪዋ ወደ ጎን እየተጣመመ ሲሄድ ሐኪሞቹ ከፍተው ሁለት ረጃጅም ብረቶች በብሎን አሰሩላት። «ትርፍ አንጀት ነው» ብላ ለሰው የተናገረችው እናቷ ዘይነባ ናት። ገና ሆስፒታል ሳሉ ለጎረቤት ስትደውል ሰሀር ከአልጋዋ ሆና ሰምታታለች።

«ትርፍ አንጀት ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ቀላል ነው።» ከዚያ ስልኩን ዘጋችና ወደ ልጇ ዞረች። «ብረት አለባት ከተባለ ወሬው አይለቅሽም። ቀጥ ብለሽ ስትወጪ ማን ያውቃል?»

ያኔ ሰሀርም ደስ ብሏት ነበር። ቀጥ ብላ ልትወጣ ነው።

አሁን ቤቷ ናት፣ አየር ጤና። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይሰማል። ከአልጋ ለመነሳት ነርሷ እንዳስተማረቻት መላ ሰውነቷን ባንድ ላይ ወደ ጎን ማንከባለል፣ እግሯን ማውረድ፣ ከዚያ በክንዷ ራሷን መግፋት አለባት። መጎንበስ አትችልም። መጠምዘዝ አትችልም። የምትሰግደውም ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። መስታወት ፊት ስትቆም ደግሞ ቀኝ ትከሻዋ አሁንም ከግራው ከፍ ብሎ ይታያታል። እንደ በፊቱ አይደለም፤ ግን ከፍ ብሏል።

በሩ ተንኳኳና ጎረቤታቸው እትዬ ዋጋነሽ ሙዝና የማንጎ ጁስ ይዘው ገቡ።

«በሽተኛችን እንዴት ዋለች? ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ አትነሺ!» ሶፋው ላይ ተደላደሉና አተኩረው አዩዋት። «ምነው ልጄ እንደ ወታደር ደረቅሽ? ትርፍ አንጀት ያደረገ ሰው እኮ ጎበጥ ነው የሚለው። የእኔ ልጅ ያደሳ ሆዱን ይዞ እንደ ሽማግሌ ነበር የሚሄደው።»

«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ ብሏታል ሐኪሙ» አለች ዘይነባ።

«ጉድ ነው! በየጊዜው አዲስ ያመጣሉ። ቁስሉ የት ጋ ነው? እስቲ ልየው።»

«ታሽጓል!» ዘይነባ በሁለቱ መሀል ገብታ ቆመች። «መከፈት የለበትም።»

«እሺ፣ እሺ፣ አልበላውም።» እትዬ ዋጋነሽ ሳቁ። ሲስቁ አጠገባቸው የነበረው ትራስ ተንሸራቶ ሰሀር እግር ሥር ወደቀ። «አቀብይኝ እስቲ የኔ ቆንጆ።»

ሰሀር ትራሱን አየችው። ቅርብ ነው። እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ይመስላል። አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷ ጋለ።

ዘይነባ ፈጥና አነሳችው።

«ኧረ ዘይነባ፣ እንዲህ አታሞላቅቂያት!» አሉ እትዬ ዋጋነሽ፣ በፍቅር ነው። «ያደሳ በሳምንቱ ኳስ ሜዳ ነበር። ስንፍና ለበሽታ አይበጅም፣ እሺ ሰሀር?»

«እሺ» አለች ሰሀር።

እሳቸው ሲወጡ ከፈትያ የድምፅ መልእክት ገባ። ሰሀር ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ሰሀሪና፣ ምነው ዘጋሽኝ? ስሚ፣ ቲቸር ራዕይ ዓርብ የመረብ ኳስ ተጫዋቾችን ስም ያስገባል። በአንቺ ቦታ ሳያትን ላስገባት ሲለኝ ወላሂ ተጨቃጨቅኩት። ሰሀር ትመጣለች አልኩ፣ በቃ! አንቺ ካላነሳሽልኝ እኔ ምኑን ልምታ? ሳያት እኮ ኳስ ሲመጣ ዓይኗን ነው የምትጨፍነው። ቲሙ በሙሉ በእኔ ተናዷል፣ ግድ የለኝም። ደግሞ ትናንት መጥቼ እማሽ ተኝታለች አሉኝ። አቦ፣ ቀን ሙሉ ነው እንዴ የምትተኚው?»

ትናንት አልተኛችም ነበር። መጋረጃው ጀርባ ሆና የፈትያን ድምፅ ሰምታለች፤ ጫማዋን እየጎተተች ስትመለስም ሰምታለች። ዓመቱን ሙሉ መረብ ኳስ ሲጫወቱ ሰሀር ኳሱን ታነሳለች፣ ፈትያ ትመታለች። ዓርብ የሰሀር ስም ከገባ ሜዳ ላይ ቦታዋ ባዶ ነው የሚሆነው፤ ፈትያም በሁሉም ፊት ታፍራለች።

«ኡሚ፣ ለፈትያ ልነግራት ነው።»

ዘይነባ የሙዙን ፌስታል እየቋጠረች ነበር። «ለእሷ ከነገርሽ ለአየር ጤና በሙሉ ነገርሽ በይ። ትንሽ ታገሺ። እብጠቱ ሲወርድ ትከሻሽ ይስተካከላል፤ ያኔ ምን የሚነገር ነገር አለ?»

«አይስተካከልም። ሐኪሙ እኮ ቀጥ ይላል አላለንም። እንዳይብስ እናስቆመዋለን ነው ያለው። ኳስም ለዚህ ዓመት የለም ብሏል። ቀጥ ይላል ያልነው እኔና አንቺ ነን።»

ዘይነባ ፌስታሉን ቋጥራ ፈታችው። እንደገና ቋጠረችው። «ታዲያ ያ ሁሉ ስቃይ ለምንድን ነው?»

«እንዳይብስ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አነሰባት።

«ነገ ሊያጭሽ የመጣ ሰው ሰምቶ ሲመለስ እኔን ነው የምትወቅሺው» አለች ዘይነባ።

«ኡሚ፣ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነኝ።»

እናቷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን አልሳቀችም። ትራስ አምጥታ ከልጇ ወገብ በስተኋላ ደገፈችላትና ወደ ጓዳ ገባች። ተይ አላለቻትም። ንገሪም አላለቻትም።

ሰሀር ጻፈች፣ አጠፋች። በመጨረሻ ቀስ ብላ ተነሳችና የጀርባዋን ራጅ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዛ ፎቶ አነሳችው። ብረቶቹ ነጭ ሆነው ጎልተዋል፤ ብሎኖቹም አንድ በአንድ ይታያሉ። በመካከላቸው አጥንቷ አሁንም በትንሹ ዘመም ብሏል። ከሥሩ ጻፈችበት፦

«ትርፍ አንጀት አይደለም። ይሄ ጀርባዬ ነው። ዘንድሮ አልጫወትም፤ ከዚያ በኋላም እርግጠኛ አይደለሁም። ሳያት ትግባ። ትናንት ስትመጪ አልተኛሁም ነበር። ይቅርታ።»

ላከችው። ፈትያ ወዲያው አየችው። ከስሟ ሥር መጻፍ መጀመሯ ታየ፣ ጠፋ፣ እንደገና ታየ። ከዚያ ምንም የለም።

የጋራዡ መዶሻ ዝም አለ። ሰሀር መልእክቱን በጣቷ ተጭና ያዘችው፤ ከሁለቱም ስልክ ላይ ለማጥፋት ምርጫው ወጣ። ራጁ ይጠፋል፣ ቃሉም ይጠፋል፤ ፈትያ ግን አይታዋለች። ጣቷን አነሳች። እንዳለ ተወችው።

ዓርብ የሳያት ስም መግባቱን የሰማችው ከክፍል ጓደኞቿ ነው። ከፈትያ መልስ አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።