መጽሐፉ ከመጠየቁ በፊት

«‹እንዲህ የሚባል ቋንቋ የለም› ይላል እኮ!» አለች ትንቢት፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ደቅና። «አቦ፣ ይሄ ነገር ሙድ እየያዘብን ነው? ፓይተንን ትናንት ራሴ ጭኜዋለሁ።»

ሚልኪ ቀዩን ጽሑፍ ደጋግማ ታነባለች። የቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ ኮምፒውተር ባለፈው ሳምንት ውስጡ ያለው ሁሉ ሙልጭ ተደርጎ ጠፍቶ ሜጋ ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ተልኳል። ሁለቱ የአይሲቲ ክበብ ልጆች ደግሞ ከሱ ላይ በፍላሽ የገለበጡትን ዳታቤዝ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲመልሱ ነው የዋሉት። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ገብቷል፣ መጽሐፍ የተዋሱት ተማሪዎች ስምም ገብቷል። እምቢ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሟ ዳዳቻ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም። ለሚልኪ ሌላው ሁሉ ቀርቶ እሱ በገባላት ይሻላት ነበር።

ዳዳቻ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፤ ክረምት ክረምት ነገሌ ሲመጣ ድሮ በተማረበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲጎረጉር ይውላል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ እሙሽ «ልጆቹ መጽሐፍ ይወስዳሉ እንጂ መመለስ አያውቁም» ብለው ቢያማርሩለት ነው ፕሮግራሙን የሠራላቸው። ሰኞ ሰኞ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ፣ መጽሐፍ ላዘገየ ተማሪ ሁሉ በየስሙ አንድ ወረቀት ታትሞ ይወጣል።

ወረቀቱ ታዲያ «መልስ» ብሎ አይጀምርም። የነገሌ ልጅ የጻፈው ነዋ! እዚህ አገር ሰው ከሰው አንዳች ነገር ከመጠየቁ በፊት ናጋ ይጠይቃል፤ ሰላም ማለት ነው። የቤቱን ናጋ፣ የከብቱን ናጋ፣ የጥጃውን ናጋ፣ የልጆቹን ናጋ። ጉዳይ የሚነሳው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ዳዳቻም ሰላምታውን በየዓይነቱ አሰባሰበ፤ ለበጋው የበጋ፣ ለዝናቡ የዝናብ፣ ለከተማ ልጅ የከተማ፣ ከብት ላለው የከብት። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚስማማውን ይመርጥለታል። በመጀመሪያው ሰኞ ግን ሰላምታው ወረቀቱን ጨረሰውና «መጽሐፉን መልስ» የሚለው ሳይታተም ቀረ። ልጆቹ ሰላምታቸውን ተቀብለው ደስ ብሏቸው ተበተኑ፤ አንድም መጽሐፍ አልተመለሰም። ወይዘሮ እሙሽ «ሰላምታውን አሳጥረዋ፣ ልጄ» ቢሉት፣ «እትዬ፣ ሰላምታ ይቆረጣል እንዴ? ወረቀቱን ነው ማስረዘም» ብሎ ድርቅ አለ። ወረቀቱ ረዘመ፤ መጻሕፍቱም መመለስ ጀመሩ።

ሚልኪ ከእነዚያ ወረቀቶች አንድም ደርሷት አያውቅም። መጽሐፍ በጊዜው የምትመልስ ጨዋ ተማሪ ነበረች። የደረሳቸውም አንብበው፣ ስቀው፣ ጥለውታል። አሁን አንዴ እንኳ ባዘገየሁ ኖሮ እያለች ይቆጫታል።

የአይሲቲ መምህሩ ተክሉ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ዘንድሮ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት ነው፤ ለክበቡ ልጆች ጊዜውን አይሰስትም።

«ቲቸር፣ ፓይተን ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ ዳታቤዙ ግን የለም ይላል» አለችው ትንቢት።

«ጎረቤት ውሃ አለ ማለት እናንተ ቤት እንስራው ሞልቷል ማለት ነው?» አለ ተክሉ። «ዳታቤዙ የራሱ ቋንቋ አለው። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም እንዲያሠራላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ያን ቋንቋ እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ እንደ ቅጥያ መጫን አለባችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም።»

«በቃ እንጫነዋ!»

«አንቺ አትችይም። ፓይተንን ዳታቤዙ ራሱ ‹የማይታመን› ብሎ ነው የመደበው። ከዳታቤዙ ግቢ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ መንካት ይችላላ። ስለዚህ ከበላይ ተጠቃሚው፣ ዳታቤዙን ከሚያስተዳድረው ሰው በቀር ማንም አይጭነውም።» የበላይ ተጠቃሚው ራሱ ተክሉ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ሌላ ሰው አያውቀውም። «ደግሞ ለምን ትደክማላችሁ? መጽሐፍ ለማስመለስ አንድ መስመር ይበቃል። በዳታቤዙ ቋንቋ አሁኑኑ እጽፍላችኋለሁ።»

ሚልኪ ቀና አለች። «ቲቸር፣ ወንድሜ ነው የጻፈው» አለች። «ሞቷል።»

ተክሉ ይህን አልሰማም ነበር። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ኮዱን ክፈቺልኝ» አላት ቀስ ብሎ። «እያንዳንዷን መስመር ካነበብኩ በኋላ እንወስናለን።»

አነበበ። መሃል ላይ ሲደርስ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። ዳዳቻ ኮዱ ውስጥ፣ ቀጥሎ ለሚመጣ ሰው፣ በአማርኛ ማስታወሻ ጥሎ ኖሯል፤ «እዚህ ጋ አትቸኩል። ሰላምታ ነው።» ሚልኪም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሊዞርባት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ተክሉ ንባቡን ጨርሶ «ምንም ክፉ ነገር የለበትም፤ ከውጭ አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚያነበው» አለና የይለፍ ቃሉን አስገባ። ልጆቹ ፊታቸውን አዞሩለት። ቅጥያው ተጫነ። የዳዳቻ ፕሮግራም ያለ አንዳች ቅሬታ ገባ። ሚልኪ ቁልፉን ተጫነች።

«ፋይሉ አልተገኘም» አለ ኮምፒውተሩ።

«ሰላምታዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው ማለት ነው» አለ ተክሉ። «ከዳታቤዙ ውጭ ስለሆነ አብሮ አልተገለበጠም። ለብቻው የት አስቀመጣችሁት?»

ሚልኪ ወደ ትንቢት ዞረች። ዳታቤዙ በተገለበጠ ዕለት ሚልኪ እናቷ ታመውባት ቤት ቀርታ ነበር። ለትንቢት በስልክ «ከዳታቤዙ ውጭ ያለውን የዳዳቻን ፎልደር እንዳትረሺ» ብላታለች፤ ትንቢትም «ሁሉንም ገልብጬዋለሁ፣ አታስቢ» ብላታለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። የትንቢት አባት የጦር ሰፈሩ ሻምበል ናቸው፤ ወደ ሌላ አገር በተዛወሩ ቁጥር የማጣት ጓደኛ በዛብኝ እያለች ሚልኪን እንደ እህት ነበር የያዘቻት።

ትንቢት መሬት መሬት ታያለች። «ዳታቤዙን እንደገለበጥኩ መብራት ጠፋ» አለች። «ሲመጣ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ስመጣ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ነበር።»

«ገልብጬዋለሁ ብለሽኛል እኮ!»

«ድምፅሽን ሰምቼ ነዋ። የዚያን ሰሞን እናትሽ ታመው እህል እንኳ አልቀምስ ብለሽ ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል…»

ሚልኪ ቀሪውን አልሰማችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ትንቢት «አካም» እያለች ሰላምታ ስትሰጣት ዝም ብላ ታልፋታለች።

ፋይሉን እንደገና መጻፍ እንዳለባት ታውቃለች። ሰላምታውን ከእነ አገባቡ፣ ከእነ ተራው የሚያውቁት ግን አባቷ አቶ ዶዮ ናቸው፤ ዳዳቻም ከእሳቸው ነበር የተማረው። ችግሩ፣ አቶ ዶዮ ሰላምታ ትተዋል። ሰው «ናጋ?» ሲላቸው «አለን» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በከብት ገበያው ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ሰላምታቸው እንደ ምርቃት የሚጠበቅ ሰው ነበሩ።

ለምን እንደተዉት ሚልኪ ታውቃለች፤ ያን ጠዋት እሷም ደጃፉ ላይ ነበረች። አጎቷ ደቻሳ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። መርዶ ይዞ ነው የመጣው፤ መርዶ ቢሆንም ግን ሰላምታ አይዘለልም። «ናጋ?» አለ። «ናጋ» አሉ አባቷ። «ወሪ ናጋ?» ቤተሰቡን ነው። «ናጋ።» «ሎን ናጋ?» ከብቶቹን ነው። «ናጋ።» «ጀቢን ናጋ?» ጥጆቹን ነው። «ናጋ።» ከዚያ «ኢጆሌን ናጋ?» አለ። ልጆቹስ ሰላም ናቸው? ማለቱ ነው። «ናጋ» አሉ አቶ ዶዮ ፈገግ ብለው። ደቻሳ ያኔ ነው ዳዳቻን እንደያዘ ከክብረ መንግሥት ወዲህ የተገለበጠውን ሚኒባስ የነገራቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ ዶዮ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው ገመድ ይፈትላሉ። ሚልኪ ፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ ለዳዳቻ ያስተማሩትን ሰላምታ ለእኔም ይንገሩኝ።»

እጃቸው ቆመ። «ምን ያደርግልሻል?»

ስለ ፋይሉ ነገረቻቸው። ቋንቋው እንደተጫነ፣ ፕሮግራሙም ደህና እንደሆነ፣ የሚናገረው ቃል ብቻ እንደጠፋው። አቶ ዶዮ እስከ መጨረሻው ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይው፣ ልጄ» አሉ። «ያለ እሱም መጽሐፍ ይመለሳል።»

ሚልኪ ዞራ ከግቢው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው። እንግዳ እንደሚያደርገው የበሩን ቆርቆሮ መታ መታ አደረገችና ገብታ ከደጃፉ ቆመች። አባቷ ሊቆጧት እንደሚችሉ ታውቃለች።

«ናጋ?» አለች።

አቶ ዶዮ ቀና ብለው አዩዋት። በራቸው ላይ ቆሞ ናጋ ያለን እንግዳ መልስ መንሳት እንዴት ይሆንላቸዋል? «ናጋ» አሉ ሳይወዱ።

«ወሪ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሎን ናጋ?»

«ናጋ።»

«ጀቢን ናጋ?»

«ናጋ» አሉ። ገመዱ ከእጃቸው ወድቋል። የሚመጣውን ያውቁታል፤ እሷም ታውቀዋለች። ሚልኪ እዚህ ጋ ልትተወው ትችል ነበር። እግሯም ልትወጣ ፈልጎ ነበር።

«ኢጆሌን ናጋ?»

ከጎረቤት ግቢ የሚጮህ ፍየል ይሰማል። የአቶ ዶዮ ከንፈር ሁለት ሦስቴ ተንቀሳቅሶ ቃል አልወጣውም። ሚልኪ አባቷ ሲያለቅሱ ያን ጠዋት እንኳ አላየችም፤ አሁን ግን እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። በነጠላቸው አልጠረጉትም።

«አንቺ አለሽ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ አለሽልኝ። ናጋ።»

ሮጣ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። አብረው አለቀሱ። ከዚያ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው የበጋውን ሰላምታ ጀመሩላት፣ ቀጥለው የዝናቡን፣ ቀጥለው ከሩቅ መንገድ ለመጣ ሰው የሚባለውን። ስትሳሳት ያርሟታል። አንዳንዱን እሷ ስልኳ ላይ ጽፋ እስክትጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቋታል።

ሰኞ ወይዘሮ እሙሽ ቤተ መጻሕፍቱን ሲከፍቱ ሚልኪ ቀድማ በር ላይ ነበረች። ሰላምታዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፋይሉ አስገባች። «ኢጆሌን ናጋ?» ጋ ስትደርስ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ቆየ። ቢቀር ማን ያውቃል? ከዚያ የዳዳቻን ማስታወሻ አስታወሰችና ጻፈችው። ቃሉ የዳዳቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። እሱ የጻፈው፣ እሱ የቀለደበት፣ አይመለስም፤ ይህ ለዘላለም እንደሚያማት ገብቷታል። ቁልፉን ስትጫን ፕሪንተሩ እያቃሰተ ወረቀቶቹን ማውጣት ጀመረ።

«እኔ አከፋፍለዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ እሙሽ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ሚልኪ ከመሃል አንዱን መዘዘች። የትንቢት ስም ነበረበት፤ የባዮሎጂ መጽሐፍ አዘግይታለች። «ይቺን እኔ እወስዳታለሁ» አለች።

ትንቢት ከክፍሉ ጀርባ የሲሚንቶው መቀመጫ ላይ ብቻዋን ነበረች። ሚልኪን ስታይ ብድግ አለች፣ ወረቀቱን ስታይ ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። «መጽሐፉን ነው?» አለች ቶሎ ብላ። «ነገ አመጣዋለሁ። ከፈለግሽ አሁን ሄጄ…»

«ቆይ እሱ» አለች ሚልኪ። አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ስባ አስቀመጠቻት። አሁንም ተቀይማታለች፤ ቅያሜው ነገም አብሯት ሊያድር ይችላል። ወረቀቱን ግን ከላይ ጀምራ ታነብላት ጀመር።

«ናጋ፣ ትንቢት?»

ትንቢት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነገሌ ነው የኖረችው፤ መልሱን ታውቀዋለች። «ናጋ» አለች።

«ወሪ ናጋ?»

«ናጋ።»

ወረቀቱ ረጅም ነበር። መጽሐፉ የሚጠየቀው መጨረሻው ላይ ነው።