የቡፌው ጠባቂ

ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን በሰበሰቡት ዕቃ ስር ሞተው ተገኙ። ጣራ ሊነካ ጥቂት የቀረው የጥቁር እንጨት ቡፌ ደረታቸው ላይ ተከንብሎ፣ ውስጡ የነበረው የጥንት ፖርሴሊን ደቅቆ፣ ከስብርባሪው መሀል አንድ እጃቸው ብቻ ወጥቶ ይታያል።

ኢንስፔክተሯ የደረሰችው ረፋድ ላይ ነበር፤ ሳሎኑ ግን የመሸ ይመስላል። ፀሐይ የምንጣፉን ቀለም እንዳትበላው ተብሎ መጋረጃው ተከፍቶ አያውቅም። ግድግዳ ሙሉ አሮጌ ሰዓቶች ሳይስማሙ ይቆጥራሉ። በየጥጉ የቆሙት የነሐስ ምስሎች ዓይናቸውን ሬሳው ላይ ተክለዋል። ኢንስፔክተሯ ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ይህን ያህል ተመልካች የከበበው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ቤቱን ገና ከደጁ ጠላችው።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ምርቱን ከግርዱ ሳትለይ አታድርም። ሳጅኑ ግን ጉዳዩን ቀድሟት ጨርሶታል።

«ያለቀለት ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር። ትናንት ከሰዓት የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ተጣልተዋል። አንቱ ማለቱንም ረስቶ ‹ይኼው ቡፌ ይውደቅብህ!› ሲል ጎረቤት ሰምቷል። ሙያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መፍቻ ከኪሱ አይጠፋም።»

«መፍቻው ምን ያደርጋል?»

«ግድግዳውን ይዩታ።»

አየችው። ቡፌውን ከግድግዳው ጋር ያሰሩት ብረቶች ብሎናቸው ተፈቷል። በጉልበት ተነቅሎ ቢሆን ልስኑ አብሮ ይረግፍ ነበር፤ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ የለም። ከኋለኞቹ እግሮች ስር ደግሞ የእንጨት ሽብልቅ ገብቷል። ሽማግሌው ወንበር ላይ ወጥተው የላይኛውን መደርደሪያ ሲይዙ ቡፌው እላያቸው ላይ መጣ። አደጋ ሳይሆን ወጥመድ ነው።

ወጥመዱን ሊያጠምዱ የሚችሉት ሦስት ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ትናንት፣ የጥንት ዕቃ ነጋዴው ዛሬ ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ብቻቸውን ቆይተዋል። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ታናሽ እህት ደግሞ ሁልጊዜም እዚያው ናቸው።

ነጋዴው ተንበርክኮ ስብርባሪ እያነሳ ያለቅሳል።

«ይኼን ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ይዩት! መሰሉ የትም አይገኝም!»

«ሰውየውስ?»

«እሳቸውማ… ነፍስ ይማር።»

«የውሸት ዕቃ ሸጦልኛል ብለው ሊከሱዎት ነበር አሉ።»

የነጋዴው ፊት አመድ መሰለ። «ለእሱ ብዬ ይኼን ሁሉ ልሰብር? ልጄን ብገድል ይቀለኛል!»

ይህን ያለው ከልቡ ስለነበር ኢንስፔክተሯን ዘገነናት። ጎንበስ ብላ የወደቁትን መደርደሪያዎች ተራ በተራ ገለበጠቻቸው። በእያንዳንዱ ላይ ነጠብጣብ ሰም አለ፤ ሰሙ ላይ የስኒና የሣህን ቂጥ ስብርባሪ ተጣብቋል።

«መኪና ባለፈ ቁጥር ዕቃው እንዳይነቃነቅ በሰም ያጣብቁት ነበር» አለ ነጋዴው።

የታችኛው መደርደሪያ ላይ ግን ሰም እንጂ ስባሪ የለም።

«እዚህ ምን ነበር?»

«እሱ ተራ ነገር ነው። የእናታቸው የሻይ ስኒዎች። በነጻ ቢሰጡኝም አልወስዳቸው።»

የወንድማቸው ልጅ ኮሪደሩ ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«በምን ተጣላችሁ?»

ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት። «በአክስቴ። እናት አባት ሲሞቱብኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤት ተከራይቻለሁ፤ አንዱ ክፍል የእሷ ነው፣ አልጋም ገዝቻለሁ። ‹ልውሰዳትና ትረፍ› ስለው አጎቴ ‹ዕቃውን ማን ይወለውላል?› አለኝ። ያኔ ነው ያበድኩት።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ገበያ ሄዳ ነበር። እሱ እሺ ሳይል ነግሬ ላስጎመጃት አልፈለግኩም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ማጀት ገባች። አሮጊቷ እህት ብድግ አሉና እጇን ያዟት።

«ልጁን ልቀቂልኝ፣ ልጄ። እሱ ጉንዳን እንኳ አይረግጥም። ቡፌው አርጅቶ ነው የወደቀው።»

ዕቃ ማድረቂያው ላይ፣ ከብረት ድስቶቹ መሀል፣ ዳር ዳራቸው የተሸራረፈ ስኒዎች ተደፍተዋል። ኢንስፔክተሯ አንዱን አነሳች።

«ያምራሉ። የእርስዎ ናቸው?»

«የእናቴ። ከድሮም እዚሁ ናቸው።»

ኢንስፔክተሯ የስኒውን ቂጥ በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ ቀጥላ ጣቷን ዕቃ በሚታጠብበት ሳፋ ውሃ ውስጥ ከተተች። «በቀዝቃዛ ነው የሚያጥቡት?»

«ጥንታዊ ስኒ በሙቅ ውሃ ይሰነጠቃላ! ጋሼ ስንቴ ተቆጥቶኛል።»

ኢንስፔክተሯ ከአንድ ሌባ ወይም ከአንድ ነጣቂ ይልቅ እኚህን ሴት መያዝ እንደሚከብዳት ያን ጊዜ አወቀች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ሰዓቶቹ ግን መቁጠራቸውን አላቆሙም።

«ገዳዩ ቡፌውን ከመጣሉ በፊት አንድ ነገር አድኗል» ብላ ጀመረች። «ከታችኛው መደርደሪያ ስኒዎች ወጥተዋል። ገዳዩ ነጋዴው ቢሆን ሰማያዊውን የአበባ ማስቀመጫ እንጂ ተራ ስኒ አያተርፍም ነበር።»

«እንዴታ!» አለ ነጋዴው፣ የተመሰገነ መስሎት።

«የወንድም ልጅስ? ትናንት ተናዶ በሩን ደርግሞ የወጣ ሰው ስኒ ሲለቅም አልታየኝም። ቢያወጣም ይዞት ይሄዳል እንጂ ማጀት ገብቶ አያጥበውም። ስኒዎቹ ታጥበው ማጀት ተደፍተዋል፤ ቂጣቸው ላይ ግን የቡፌው ሰም አለ። በሙቅ ውሃ ታጥበው ቢሆን ሰሙ ይለቅ ነበር፤ እኔም ምንም አላውቅም ነበር። በቀዝቃዛ ያጠባቸው ሰው የዚህን ቤት ሕግ የለመደ ነው።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ‹ከድሮም እዚሁ ናቸው› አሉኝ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«በገበታ ቢላዋ ነው የፈታሁት። የልጁን መፍቻ አልነካሁም። ልትወስዱት ስትነሱ ልናገር ነበር።»

«ለምን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ልጅ እግር ሳለሁ አንድ ሰው ላግባሽ ብሎኝ ነበር። ጋሼ ‹ዕቃውን ማን ይወለውላል?› ብሎ መለሰው። ቻልኩት። በእናቴ ስኒ አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ስለው ከለከለኝ። እሱንም ቻልኩት። ትናንት ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ከገበያ ስመለስ ማጀት ድረስ መጣና ‹ስሞት ቤቱ ሙዚየም ይሆናል፤ አንቺ እስክትሞቺ ጠባቂው ነሽ፤ ተናዝዣለሁ› አለኝ። እንደ ምሥራች ነው የነገረኝ! ሞቶም ሊለቀኝ አይደለም።»

«ወደ ቡፌው እንዴት አመጧቸው?»

«ታምሜ ብጠራው አይመጣም። ‹ላይኛው መደርደሪያ ስንጥቅ አየሁ› አልኩት። እየሮጠ መጣ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከወጣቱ እጅ ፈትቶ ቆመ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ቢያውቅም እጁ አልታዘዝ አለው። አሮጊቷ እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉለት።

በሩ ጋ ሲደርሱ አሮጊቷ ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ከጋሼ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

ወጣቱ ኢንስፔክተሯን አያት፤ ዓይኑ ይለምናታል። የተገዛውን አልጋ፣ የተዘጋጀውን ክፍል፣ ሽማግሌው እህታቸው እንዳትሄድባቸው ፈርተው ወደ ማጀት መሄዳቸውን ከእሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«በውርስ ነው፣ አክስቴ» አለ። «ዕቃውን ሽጠህ አካፍለኝ ብዬው ነው።»

«አይ አንተ! ለገንዘብ ብለህ አንገትህን ገመድ ውስጥ ልታስገባ ነበር?» ብለው ተቆጡት። «ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

«እሺ» አላቸው፤ ደጋግሞም «እሺ» አላቸው።

ኢንስፔክተሯ ውሸት ሰምታ አልፋ አታውቅም። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ የአሮጊቷን ክንድ ደግፋ ደረጃውን አወረደቻቸው።