የጠዋትና የከሰዓት ምእመናን

ከጋራዡና ከወፍጮ ቤቱ አልፎ፣ በሰፈሩ መጨረሻ፣ አንዲት አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ምእመናኑ ብዙ ስላልሆኑ ሁሉም በስም ይተዋወቃሉ፤ ማንን ጉንፋን እንደያዘው፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ሳይቀር ይታወቃል። ከአምልኮ በኋላ በር ላይ የሚወራው ወሬ ከስብከቱ ይረዝማል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

በአዳራሹ ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች የሠራው ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ የሆነው አናጺ ነው። እንጨቱን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ልጎና አለስልሶ በነጻ ነው የሰጠው። እሑድ እሑድ ሲገባ መቀመጫውን በመዳፉ ዳበስ ሳያደርግ አይቀመጥም።

አናጺው ሌላ ከተማ የወለደች ልጁን ሊጠይቅ በሄደበት ሰሞን፣ የአስተናጋጆች ኃላፊ የሆነችው ነርስ ከጓደኞቿ ጋር ተማከረች። «አሮጊቶቹን ወገባቸውን እያመማቸው ነው፤ መደገፊያ ያለው ይሻላል» ብላ የፕላስቲክ ወንበሮች አስመጣች። አግዳሚዎቹ ጓሮ ወጡ። ሐሳቧ ክፉ አልነበረም። ጥፋቷ የለፋበትን ሰው አለመጠየቋ ነው።

አናጺው ሲመለስ አግዳሚዎቹን ዝናብ መቷቸው፣ ዶሮ ሰፍሮባቸው አገኘ።

«እኔን አውጥታችሁ ብትጥሉኝ ይሻል ነበር!» አለ።

«ጋሼ፣ ወንበር እኮ ነው» አለችው ነርሷ።

ይህች አንዲት ቃል በእሳት ላይ ቤንዚን ሆነች። መጋቢው ሊያስታርቅ ቢጥር አልሆነለትም። «ይቅርታ ትጠይቀኝ» ይላል አንዱ፤ «ምን አጥፍቼ?» ትላለች ሌላዋ። ነገር ነገርን እየወለደ፣ ወንበሩ ተረስቶ የድሮ ቂም ሁሉ ተቆፈረ። በመጨረሻ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። የአናጺው ወገን ጠዋት አግዳሚውን አስገብቶ ያመልካል፤ የነርሷ ወገን ከሰዓት በኋላ አግዳሚውን አስወጥቶ ፕላስቲኩን ያስገባል። በር ላይ ሲተላለፉ አንዱ ሰማይ ሰማይ፣ ሌላው ጫማውን ያያል። መጋቢው ስለ ፍቅር ያዘጋጀውን ያንኑ ስብከት በቀን ሁለት ጊዜ ይሰብካል፤ ሁለቱም ወገን «ለእነዚያ ነው የተናገረው» እያለ ይወጣል።

በየትኛውም ወገን አልሰለፍም ያሉት አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። የሁሉንም እጅ ሳይጨብጡ ስለማይቀመጡ «እማማ ሰላምታ» ይሏቸዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅም የላቸው። ከአንድ ግቢ ጓሮ ባለች ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸው ጠዋትም ይመጣሉ፣ ከሰዓትም ይመጣሉ። «እግዚአብሔር ሁለቴ ከመጣ እኔ ምን ቤት ነኝና እቀራለሁ?» ይሉ ነበር።

ታዲያ እኒህ ሴት ታመሙ። ክፉ ሳል ከአልጋ ጣላቸው። የግቢው ባለቤቶች መንገድ ሄደው ሰንብተው ስለነበር ወዮታቸውን የሰማ የለም። እሑድ ሲቀሩ የጠዋቶቹ «ዛሬ ከሰዓቱን መርጠው ይሆናል» አሉ። የከሰዓቶቹ ደግሞ «ጠዋት መጥተው ደክሟቸው ይሆናል» አሉ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። ድሮ የታመመ ሲኖር ተሰብስበው የሚሄዱት ጠያቂዎች ራሳቸው ተከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ወገን «እነዚያ ይጠይቋቸዋል» ብሎ ልቡን አሳርፎ ተቀመጠ።

በሦስተኛው እሑድ፣ ከጠዋቱ አምልኮ ሲወጡ፣ የአናጺው ሚስት ባሏን ያዝ አደረገችው።

«የእማማ ድምፅ ጠፋብኝ። መዝሙሩን ከሁሉ ኋላ የሚጨርሱት እሳቸው ነበሩ።»

«ከእነዚያ ጋር ናቸዋ።»

«ጠይቀሃል?»

«ከማን ጋር ተነጋግሬ?»

«ምላስህን አልቆረጡህ! እዚሁ ቆይተህ ጠይቅ። ይህ ካቃተህ ሽማግሌ መባሉን ተወው።»

አናጺው እየተነጫነጨም ቢሆን በሩ ላይ ቆመ። የከሰዓቶቹ መምጣት ሲጀምሩ ነርሷን አያት። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ልጄ፣ እማማ እናንተ ጋ ናቸው አይደል?»

ነርሷ ቀጥ አለች። «እናንተ ጋ አይደሉም እንዴ?»

«እኛስ ካየናቸው ሰነበትን።»

«እኛም እኮ... ጋሼ፣ ታዲያ ማን ሄዶ ጠየቃቸው?»

ሁለቱም አንድ ላይ መሮጥ ጀመሩ፤ ያያቸውም ተከተላቸው።

የእማማ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቢያንኳኩ ዝም። ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ቀጭን ማቃሰት ተሰማ። አናጺው ከአጠገቡ ግቢ ብረት ለምኖ ማጠፊያውን ፈንቅሎ በሩን ነቀለው። እማማ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። አርብ ማታ ውኃ ሊቀዱ ሲነሡ እግራቸው ከድቷቸው ነበር። ያቆያቸው ጎትተው ያስጠጉት የውኃ ጀሪካን ነው።

ነርሷ ተንበርክካ ዳሰሰቻቸው። «አሉ! ግን ዳሌያቸው ተጎድቷል። እንዳታነሷቸው፣ ጠፍጣፋ ነገር አምጡልኝ!»

አናጺው የነቀለውን በር አነጠፈው። ጠባቡ መንገድ መኪና ስለማያስገባ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟቸው። ከጠዋቶቹም ከከሰዓቶቹም ትከሻ ያለው ሁሉ ገባ። «ቀስ በል፣ በግራ በኩል ዘመመ!» «ያዝኩት፣ አይዞህ!» ይባባሉ ነበር፤ ወራት ሙሉ «ደህና ዋልክ» ያልተባባሉ ሰዎች።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሐኪሟ ብቅ ስትል ሁሉም ከበቧት።

«ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር» አለች። «ግን ደርሳችኋል። ይድናሉ።»

አንዱ «ተመስገን!» አለ፤ ሌላዋ እልል አለችና አስታማሚዎች ሲቆጧት አፏን ያዘች። አናጺው ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ልጄ» አለ ነርሷን፣ «እንጨት ከሰው አስበለጥኩ። ይቅር በይኝ።»

«እርስዎ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። መጠየቅ ነበረብኝ። 'ወንበር እኮ ነው' ስል የእጅዎን ልፋት ንቄያለሁ» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች።

እማማ አፋቸው ሲፈታ ሁለቱን ጎን ለጎን አዩአቸው።

«'ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል' ይባላል» አሉ። «እኔም ሁለት ጉባኤ ይዤ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሁለቱም ተያይዘው ተሰበሩብኝ!»

ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣ። በቀጣዩ እሑድ ሁሉም አንድ ላይ ተሰበሰቡ፤ ወገቡን የሚያመው ፕላስቲኩ ላይ፣ ሌላው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ስንት ወር ያጨቃጨቀውን ነገር ለመፍታት ከጸሎቱ በፊት ያለው ጊዜ በቃ።

ወገኖቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትከፈል የሚጎዳው ተከራካሪው ብቻ አይደለም። በስንጥቁ መሐል የሚወድቀው ማንንም ያልበደለው ደካማ ነው። በክርስቶስ ቤት «እኛ» እንጂ «እነዚያ» የሚባል ሰው የለም። እማማ በሕይወት ተርፈውልናል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ በጊዜ ላይደረስ ይችላል። ስለዚህ ሰሞኑን ከመካከላችሁ ያጣችሁት ሰው ካለ፣ ማን ይጠይቀው እያላችሁ አትማከሩ፤ ተነሥታችሁ ሂዱ። በመንገድ ላይ የተኳረፋችሁትን ሰው ካገኛችሁ ደግሞ፣ አብራችሁ ሂዱ።