አረንጓዴው ባጅ

የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔም ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ... አንብባችሁ ስትጨርሱ እንዳትደውሉልኝ። ጻፉልኝ።

ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ሁሉም ነገር የሆነው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በአዳራሹ ረጃጅም መስኮቶች ገብታ ወለሉን ስታሞቀው ነው።

እኔ የልጆች መረብ ኳስ ክለብ መዝጋቢ ነኝ። ቢሮዬ ከአዳራሹ ጥግ በመስታወት የተከለለች ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ የፋይል ቁም ሳጥን፣ አለቀ።

ሥራዬ ከልጆቹ ጋር መሥራት የሚፈልግን በጎ ፈቃደኛ ማጣራት ነው። ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል የፖሊስ ወረቀት፣ ሦስት ምስክሮች። አራቱም ሲሟሉ አረንጓዴ ባጅ እሰጠዋለሁ። ያለ ባጅ ሜዳውን የሚረግጥ የለም። የአሰልጣኙን ሚስት እንኳን አንድ ቀን ከበር መልሻት ወር ሙሉ አኩርፋኛለች።

እንዲህ የነበርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ያን ሰሞን የአሰልጣኙ ረዳት እግሩ ተሰበረ። ለውድድር የቀረን ሁለት ሳምንት ነው። አስራ ሁለት ልጆች፣ አንድ አሰልጣኝ... ጉድ ፈላ አልን።

ሰውዬው የመጣው ልክ በማግስቱ ነው።

አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ግራጫ ጃኬት፣ የተወለወለ ጫማ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚናገር ጨዋ። የፖሊሱ ወረቀት ብቻ ይጎድለዋል።

"ሳምንት አይሞላም፣ ይደርሳል" አለኝ።

አሰልጣኙ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ይለምነኛል። "በሞቴ እህት ዓለም! ወረቀቱ የትም አይሄድ!"

እሺ፣ ቢያንስ ምስክሮቹን ልጠይቅ አልኩ። ደንቡ "የምስክሮቹን ስልክ ከሚሠሩበት ቦታ ራስሽ ፈልጊ" ይላል። እኔ ግን ቸኩዬ እሱ ራሱ ቅጹ ላይ በጻፋቸው ቁጥሮች ደወልኩ።

ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

የመጀመሪያዋ አስተማሪ ናት። "እሱ ካለ የልጆች ድምፅ አይሰማም" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ሁለተኛው ብቻዬን ነው የምኖረው ያለኝ ጡረተኛ አሰልጣኝ ነው። "ጸጥ ያሰኛቸዋል ልጄ፣ ጸጥ!"

ሦስተኛዋ እንደ እኔው የሌላ ክለብ መዝጋቢ ናት። "ትንፍሽ አይሉም!" ብላ ሳቀች።

ከሦስቱም ጀርባ የልጆች ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። "የኔ! የኔ!" የሚል... በመረብ ኳስ ኳሷን የሚያነሳ ልጅ እንደዚያ ብሎ ይጮሃል፣ እንዳይጋጩ።

ብቻውን የሚኖረው ሽማግሌ ቤት ውስጥ እነዚያ ሁሉ ልጆች ምን ይሠራሉ? አላሰብኩም። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ "ሥነ ሥርዓት ያስይዛል" ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ባጁን በእጄ አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት።

ከአስራ ሁለቱ ልጆች አንዷ የእኔ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሰልጣኙ "ሬድዮ" ነው የሚላት፤ የምትዘጋው ስትተኛ ብቻ ነዋ። እኔና እሷ ብቻችንን ነን የምንኖረው። ቤቴ ውስጥ ያለው ድምፅ የእሷ ነው።

ሰውዬው ሥራውን የጀመረው በቆርቆሮ ነው። የጆሮ ጌጥ፣ ሰዓት፣ አምባር አድርጎ መጫወት ክልክል ስለሆነ ልጆቹ ተሰልፈው የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ይከታሉ። ሲጨርሱ ይመልስላቸዋል። ረዳቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ምንም አዲስ ነገር የለውም።

ግን ይሄኛው እያንዳንዱን ልጅ ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል።

"ሌላስ?"

ልጁ ቆርቆሮው ላይ ይደፋና አፉን ይከፍታል... ከዚያ ሰውዬው ክዳኑን ቀስ አድርጎ ይገጥመዋል።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ቀልድ ነው መሰለኝ። ፈገግ ብያለሁ እኮ!

ማክሰኞ አዳራሹ ረጭ አለ። የጫማ ሲጥ ሲጥታና የኳስ ድምፅ ብቻ።

"ሰላም አገኘን!" አለኝ አሰልጣኙ፣ ላቡን እየጠረገ።

ሰውዬው ራሱ ሰኞ ድምፁ ጎርናና ነበር። ማክሰኞ ቀጠነ። "ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለ።

ረቡዕ ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ሮጡ። "የኔ!" ያለ የለም። ግንባር ለግንባር ተላተሙ። የአንደኛው አፍንጫ በደም ታጠበ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ አፉን በሰፊው ከፍቶ አለቀሰ...

ድምፅ የለውም።

አሰልጣኙ ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ማታ ልጄ እራቷን በላች፣ እጇን ታጠበች፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሰኞና ማክሰኞ ማታም ዝም ስትል ደክሟት ነው ብዬ አልፌ ነበር። "ጉሮሮሽን አመመሽ እንዴ የኔ እናት?" ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሐሙስ ከሰዓት ሐኪሙ በባትሪ አየና "ምንም የለባትም" አለኝ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችልኝ።

"ጋሼ ያዘልኝ።"

"ምኑን?"

ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች።

እናንተዬ... ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ቢሮ ሮጥኩ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። የሦስተኛዋን ምስክር ክለብ የቢሮ ስልክ ራሴ ፈልጌ ደወልኩ። አንድ ሰው አነሳ።

"መዝጋቢዋን ፈልጌ ነበር። ባለፈው ሳምንት አውርተን ነበር" አልኩት።



"ተሳስተሽ ይሆናል እህቴ። እሷ ድምጿ ከጠፋ ስድስት ወር ሆናት። ልጇም እንደሷ ነበረች። እግዜር ይመስገን፣ የልጇ ባለፈው ሰኞ ተመለሰላት።"

"ሰኞ?"

"ሰኞ አስር ሰዓት ላይ። ቆይ፣ እሷ አጠገቤ ናት፣ የምትጽፈው አላት... 'ባጁን ሰጠሽው ወይ?' ትላለች።"

"አዎ" አልኩ።

እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጫር ሰማሁ።

"'ይቅር በይኝ' ብላ ጻፈች" አለኝ ስልኩን ያነሳው ሰው ግራ ተጋብቶ። "ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?"

ሰዓቱን አየሁ። አስር ሊሆን አምስት ጉዳይ።

ሰውዬው የኳስ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ቆርቆሮውን ታቅፎ ተቀምጧል። ልጆቹ ገና አልመጡም።

"ባጁን መልስ!"

ምንም አልተከራከረም። አውልቆ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ገመዱ ይበርዳል።

"የልጄን መልስልኝ። ፖሊስ እጠራለሁ!"

ቀና ብሎ አየኝና ተናገረ። የወጣው ድምፅ... የልጄ ነው። የእኔ ሬድዮ ድምፅ፣ ከዚያ ሰው አፍ!

"እመልስልዎታለሁ። ግን ለሚቀጥለው ክለብ አዲስ ምስክር ያስፈልገኛል። ምስክር ደግሞ አዋቂ መሆን አለበት፣ ደንቡን ያውቁታል።"

የኳሶቹ ቅርጫት ላይ ተደገፍኩ።

"የእርስዎን ይስጡኝ። የሚቀጥለው መዝጋቢ ደውሎ፣ እርስዎን ሰምቶ ባጁን የሰጠኝ ዕለት የልጅዎ ድምፅ ቤቷ ይመጣል።"

"የሌሎቹስ?" ማለት ነበረብኝ። አስራ አንድ ልጆች አሉ። እናቶቻቸውን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የሁሉም ስልክ በእጄ ጽሑፍ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አላልኩም። ፍረዱብኝ።

ክዳኑን ከፈተ። ከውስጥ በጣም ከሩቅ፣ የእረፍት ሰዓት ጫጫታ ይመጣል።

"ሌላስ?" አለኝ።

ጎንበስ አልኩና አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲያ አላየነውም። የፖሊሱ ወረቀት ሳምንት ቆይቶ ደረሰ። "በዚህ ስምና አሻራ የተመዘገበ ሰው የለም" ይላል። አሰልጣኙ አንብቦት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አስራ አንዱ ልጆች ዛሬም ድረስ ትንፍሽ አይሉም። ወላጆቻቸው ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይንከራተታሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "አይዞሽ፣ አንቺም እንደኛው ሆንሽ" ብለው ያቅፉኛል።

እያቀፉኝ እኮ ነው የምቃጠለው።

አራት ወር ሙሉ እኔና ልጄ በደብተር አወራን።

ትናንት ከትምህርት ቤት መልሻት፣ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ ከጀርባዬ ተናገረች።

"እማዬ፣ ነጩ ካልሲዬ የታለ?"

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። አቅፌያት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ እሷም አፏ አላርፍ አለ፤ የአራት ወሩን በአንዴ ልታወራ። እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ ዓይኔ ግድግዳው ሰዓት ላይ አረፈ።

አስር ሰዓት።

አንዱ ቦታ፣ አንዱ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ መዝጋቢ ባጅ እያጠለቀ ነው። እንደ እኔ ቸኩሎ ይሆናል። ወይም ቸኩላ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። አንዲት ሴት በስልክ "ልጆቹን ጸጥ ያደርጋቸዋል" ብላ አመስግናልህ ከሆነ፣ አመስግናልሽ ከሆነ... እኔ አይደለሁም። ኧረ በፈጣሪ፣ ባጁን ቀሙት!

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ከሳሎን የልጄ ሳቅ ተሰማኝ።

ሄድኩ። ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ በስልኬ እያወራች ነው። ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ካልሲዋ፣ ስለ ጓደኞቿ... ሰዓት ሙሉ የቆየች ትመስላለች።

በእጄ ጠየቅኋት። ማን ነው?

ስልኩን ከጆሮዋ ነጥላ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። የአስራ አንድ ልጆች ጫጫታ ክፍሉን ሞላው፤ ከመካከሉ አንዲት ሴት ከልቧ ትስቃለች።

"አንቺ ነሽ" አለችኝ።