«ደህና ነኝ» ያለው ቦት

ሃይላይ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቢሮው ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍቶ ተገኘ። ገዳዩ አናቱን የመታበትን ከባድ የኤሌክትሪክ ማረጋጊያ እዚያው ጥሎት ሄዷል። ሐኪሙ «ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል» ከማለት አላለፈም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሬሳውን አይቶ የጮኸው የወሎው ጨርቅ ነጋዴ ጠሃ በካቴና ታስሯል። ሃይላይ በቴሌግራም ለደንበኞቹ በራሱ የሚመልስ ቦት ሊሠራለት ገና መጀመሩ ነበር።

«ወላሂ፣ ስነካው ቀዝቅዟል» አለ ጠሃ። «እዚህ ዘመድ የለኝ፤ ማን ያምነኛል?»

ኢንስፔክተር ኣዳነች ቃሉን መዘገበች። ባሕር ማዶ የተማረችው ምርመራ ያለ ማስረጃ ማመንን አይፈቅድም፤ እሷ ግን አምናዋለች። ያ ነው የጨነቃት።

የሟቹ እኅት ሳሊና ዓይኗ አብጧል። «ወንድሜ ጠሃን የጠራው፣ ሸሪኩ ሓየሎም የጠሃን የቦት ሥራ ደብቆ ለሌላ ነጋዴ እንደሰጠበት ሊነግረው ነበር።»

የሃይላይ ሸሪክ ሓየሎም ስልኩን ዘረጋ። «ስድስት ከአርባ ላይ በቦቱ የላከልኝ ይኸው። ያኔ እናቴን ልሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ።»

«ደህና ነኝ፤ ጠሃን እየጠበቅሁ ነው» ይላል። ከላዩ ሌላ መልእክት የለም።

«በራሱ ስልክ ለምን አልጻፈልህም?» አለች ኣዳነች።

«እየሞከረው ነዋ!»

በማግስቱ ኣዳነች ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቦቱ የሚሠራበት ኮምፒውተር እንደበራ ታሽጎ ነበር። በስልኳ ለቦቱ «ማን ገደለው?» ብላ ጻፈች።

«ማን ገደለው?» ሲል መለሰ።

«ይቀልዳል እንዴ?» አለች ሳሊና።

«አይቀልድም፣ ሓፍተይ፣ እኅቴ» አለች ኣዳነች። «ቦት መሥራት የሚጀምር ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ነው፤ የጻፉለትን ለጻፈው ሰው መልሶ ይልካል፣ ሌላ አያውቅም። እንግዲህ 'ደህና ነኝ' ተብሎ የተመለሰለት ሰው፣ ራሱ 'ደህና ነኝ' ብሎ የጻፈ ነው። ሓየሎም፣ ገድለኸው ሄድክ፤ ከዚያ ጽፈህ የራስህን መልእክት ከስልክህ አጠፋህ። ሃይላይ ግን ለቦቱ የሚጻፈው ሁሉ ከጸሐፊው ስም ጋር ኮምፒውተሩ ማያ ላይ እንዲታይ አድርጎ ነበር። አንብበው።»

የሓየሎም ስምም ሰዓቱም እዚያው ነበር።

ሓየሎም ወንበር ላይ ተዘረጋ። «አታዋርደኝ ብዬ ለመንኩት» አለ። «ለጠሃ እነግረዋለሁ አለ።»

ካቴናው ከጠሃ ወጥቶ ሓየሎም እጅ ላይ ገባ። ጠሃ አንጓውን እያሻሸ ወደ በሩ ሄደ፤ ኣዳነችን ቀና ብሎ አላያትም።

ሳሊና ስልኳን አወጣች፤ ለቦቱ ጻፈች፤ «ሃይላይ፣ ደህና ነህ?»

«ሃይላይ፣ ደህና ነህ?» አላት።