የዘርፌ ወንበር

እታገኝን የጠየቃት የለም። ቀጂዎቹ በጨረቃዋ ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ አየር የሚሞላውን ሰውዬ እንኳ «የትኛው ማይክሮፎን ይሻላል?» ብለውታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ድራም የመታችውን ሴትዮ ግን እንደ ዕቃ አልፈዋት ሄዱ። ፊደል ስላልቆጠረች ጆሮም የሌላት መስሏቸው ይሆናል።

እሷም ጥግ ይዛ የድራም መምቻ ስቲኮቿን ትወለውላለች። ጫፋቸው ብረት የተለበጠ ነው፤ ጨረቃ ላይ ቀላል ስቲክ ከእጅ አምልጦ ጣሪያ እንደሚመታ የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

የድምፅ ባለሙያው ኪሩቤል ከድራሞቹ በላይ ሁለት ኮንደንሰሮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል ትንፋሽ ሳይቀር የሚለቅሙ ማይክሮፎኖች ሰቀለ። አዲሶቹን ነው፤ «ሙሉጆሮ» ይሏቸዋል፤ የጎደለ ድምፅ ካለ ራሳቸው ይሞላሉ።

«እነዚያ ቀጫጭኖቹስ?» አለች፣ መሳቢያ ውስጥ የተጣሉትን ጣት የሚያካክሉ፣ የሰሙትን ብቻ የሚቀዱ አሮጌ ማይክሮፎኖች እያሳየች።

«እነሱ ጡረታ ወጥተዋል፣ እማማ።»

«እኔም ወጥቻለሁ። ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

ኪሩቤል ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቅጂው የሚሄደው ወደ ሩቅ ኮከብ ከሚጓዘው፣ ከማይመለሰው የጠፈር መርከብ ጋር ነው። እዚያ የሚወለዱ ልጆች ድራም የሚሰሙት ከዚህ ብቻ ነው። የእጇ አንጓ ደግሞ አልቋል፤ ከዛሬ በኋላ እንደማትመታ ታውቃለች።

ድራሞቹ ሁለት ናቸው። የቀኙ የእሷ ነው። የግራው ዓምና የሞተችው የእህቷ የዘርፌ ነበር፤ ወንበሩን እታገኝ አላስነሳችም።

ላቧ እስኪንጠባጠብ መታች። ሲያበቃ ኪሩቤል ቅጂውን ከፈተላት።

ከግራ በኩል ሌላ ድራም መለሰላት።

ብድግ ብላ ወንበሩን አየችው። ባዶ ነው። የነሐስ ሳህኑን፣ ሲምባሉን፣ ዳብሶ የሚመታው እጅ ግን የዘርፌ ነው። «ዘርፍዬ» አለች ቀስ ብላ። አለቀሰች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።

ኪሩቤል ደንግጦ መሣሪያውን መረመረ። ሙሉጆሮዎቹ ከእህትማማቾቹ የድሮ ቅጂዎች ተምረው፣ ዝም ያለው ድራም ጉድለት መስሏቸው ሞልተውታል።

«ብልሽት ነው» አለ። «ግን ያምራል እኮ፣ እማማ። እንተወው? መርከቡ ላይ ሁለታችሁም አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ድገመው።»

ዐይኗን ጨፍና ሰማች። እሷ ስትፈጥን ያቺም ፈጠነች፤ ስትዘገይ ዘገየች። አንድም ቦታ አልጎተተቻትም፤ አንድም ቦታ አልቀደመቻትም። የእታገኝ ፊት ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ይቺ ዘርፌ አይደለችም። ዘርፌ እሺ ብላኝ አታውቅም። ቀስ በይ ስላት የምትጋልብ፣ ሰው ሠርግ መሃል ተጣልታኝ ስቲኳን የወረወረችብኝ ሴት ናት! ያንተዋ ከሞተች በኋላ ጨዋ ሆናለች።»

«ላስተካክለው እችላለሁ። ትንሽ እልኸኛ እንድትሆን...»

«እልኳንም ልትሠራልኝ?»

እታገኝ ወደ ባዶው ወንበር ዞረች። እነዚያ ልጆች ማንም የማይጎድልበትን ዜማ እየሰሙ ሊያድጉ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሲሞትባቸው ምን ይውጣቸዋል?

አንጓዋን በጨርቅ ጠፍራ አሰረች።

«አጥፋው። ቀጫጭኖቹን አውጣና ስቀል። አንዱን ከእኔ በላይ፣ አንዱን ከእሷ ወንበር በላይ።»

«ከባዶ ወንበር ምን ይቀዳል?»

«አለመኖሯ ይቀዳላ! የእሷ ተራ ሲደርስ እኔ እጄን ከድራሙ አነሣለሁ። አንተ ደግሞ ያቺን ዝምታ እንዳትነካብኝ። ምን ትገተራለህ? ስቀል አልኩህ!»